ገላጋይ የሌለበት ልምምድ
ደሴ ውስጥ ለማርሻል አርት አሰልጣኞች፣ ለስፖርት መምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። የደሴ አሰልጣኞች፣ የሐረጎን ጥምዝምዝ ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ፣ የስፖርት መምህራን፣ ልጆቻችሁን ለማርሻል አርት የሰጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ከአንድ ቃል ልነሳ፤ ገላጋይ። ገጠር ውስጥ ትግል ሲያያዙ፣ በቡሄ ጅራፍ ሲገራረፉ፣ ዱላ ሲማዘዙ፣ ዳር የቆመ ገላጋይ አለ። ሥራው አሸናፊ መምረጥ አይደለም። ጨዋታው ወደ ጠብ የሚዞርባትን ቅጽበት ቀድሞ አይቶ መሃል መግባት ነው። ስለዚህ ገላጋይ የሚሆነው ቃሉ የሚከበርለት ሰው ነው፤ "ተው!" ሲል የሚተውለት። ዛሬ በየአዳራሹ ቴኳንዶ፣ ካራቴ፣ ውሹ፣ ቦክስና ኪክቦክሲንግ ስናስተምር ያንን ቦታ የሚይዘው አሰልጣኙ ነው። ርግጫ አሳምሮ የሚያሳይ አሰልጣኝ አላጣንም። የጎደለን በልክ የሚሰጥና በሰዓቱ የሚያስቆም ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

ወላጅ መጀመሪያ የሚያየው ቀበቶ ስለሆነ እሱን ላስቀድም። የቀለም ቀበቶ የሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ይመስላል እንጂ ቅርብ ጊዜ የመጣ ነገር ነው። ጂጎሮ ካኖ የጁዶ ቤቱን ኮዶካንን ቶኪዮ ላይ የመሠረተው በ1882 ነው፤ ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። የመጀመሪያውን ዳን፣ ማለትም የጥቁር ቀበቶ ደረጃ፣ ለሁለት ተማሪዎቹ የሰጠው በ1883 ሲሆን፣ ጥቁሩ ቀበቶ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መጣ። ቢጫው፣ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴው የተስፋፋው ጁዶ አውሮፓ ከገባ በኋላ ነው። ካራቴና ቴኳንዶም ሥርዓቱን የወሰዱት ከጁዶ ነው። ቴኳንዶ የሚለው ስም እንኳ የወጣው በ1955 ነው።

የዳን ደረጃ ግን ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። ኩኪዎን በሚባለው የኮሪያ የቴኳንዶ ዋና ማዕከል ሥርዓት ከ1ኛ ወደ 2ኛ ዳን ለማለፍ ቢያንስ 1 ዓመት፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ 2 ዓመት፣ ከ3ኛ ወደ 4ኛ 3 ዓመት መቆየት ያስፈልጋል። ደምሩት፤ 4ኛ ዳን ነኝ የሚል ሰው ጥቁር ቀበቶ ከታጠቀ ቢያንስ 6 ዓመት ሊሞላው ይገባል። የኩኪዎን ሰርተፊኬት ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በኢንተርኔት ይጣራል። ወላጅ "ማስተር፣ የሰርተፊኬትዎን ቁጥር ይስጡኝ" ቢል ነውር አይደለም። ዳን ግን የሚመሰክረው ሰውየው እንቅስቃሴውን ማወቁን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማስተማር መቻሉን አይመሰክርም።

ሌላው ወላጅ የማያየው ነገር የስፖርቶቹ ሕግ ልዩነት ነው። ኦሊምፒክ ላይ በሚሠራበት የዓለም ቴኳንዶ ድርጅት ሕግ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው። ደረትን በቡጢ 1 ነጥብ፣ ደረትን በርግጫ 2፣ ራስን በርግጫ 3፣ ጀርባን አዙሮ ደረትን መርገጥ 4፣ ጀርባን አዙሮ ራስን መርገጥ 5 ያስገኛል። በዚህ ሕግ ያደገ ልጅ እጁን ዝቅ አድርጎ መቆም ይለምዳል፤ ፊቱን የሚመታ ቡጢ የለምና። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ58 ኪሎ አገራችንን ወክሎ የቀረበው ሰለሞን ቱፋ የተወዳደረው በዚህ ሕግ ነው፤ መንገዱ እውነተኛ መንገድ ነው። በሌላው የቴኳንዶ ድርጅት፣ በአይቲኤፍ፣ ሕግ ግን እጅ ፊትን ይነካል። ሳንዳ በሚባለው የውሹ ፍልሚያ ደግሞ ቡጢም፣ ርግጫም፣ መጣልም አለ፤ መድረኩ 8 ሜትር በ8 ሜትር ሆኖ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ተጋጣሚን ከመድረኩ መግፋትም ነጥብ ነው። እንግዲህ የዓለም ቴኳንዶ ልጅን "ጥቁር ቀበቶ ነው" ብሎ በቀጥታ ኪክቦክሲንግ ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የመጀመሪያው ቀጥታ ቡጢ አገጩን ያገኘዋል። ስፖርት መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን ፊት ላይ የሚሰነዘር ቡጢ ከመግጠሙ በፊት ቢያንስ ሦስት ወር እጅ ከፍ አድርጎ መመከትን ብቻ ይማር።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሚንቶ ወለል ላይ በባዶ እግር የቆመ ልጅ ጡንቻው እንደ ደረቀ ቆዳ ነው። ሰውነት ማሟሟቅ ለኮምቦልቻ 10 ደቂቃ ቢበቃ ለደሴ ጠዋት 15 ያስፈልጋል። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ ቀጥሎ ከቁርጭምጭሚት እስከ አንገት መገጣጠሚያ ማዟዟር፣ ከዚያ እግርን ወደፊትና ወደጎን በየእግሩ 10 ጊዜ ማወዛወዝ፤ ከፍታውን ቀስ በቀስ እየጨመሩ። አንድ ቦታ ይዞ መለጠጥ፣ ማለትም ጎንበስ ብሎ መቆየትና እግር መክፈት፣ ለልምምዱ መጨረሻ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እየያዙ ሁለት ሦስት ጊዜ።

እግር ማስከፈት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም ስለሚያሳስበኝ። ልጁን ግድግዳ አስደግፎ፣ ሁለት ሰው እግሩን በግራና በቀኝ እየገፋ፣ ከኋላ ደግሞ ጀርባውን የሚጫን ሦስተኛ ሰው ያለበት አሠራር አለ። ልጁ ይጮኻል፤ "ቻል!" ይባላል። ከ13 እስከ 17 ዓመት ባለው ዕድሜ ጅማቱ ከአጥንቱ ይልቅ ጠንካራ ነው። ጡንቻው ከዳሌ አጥንት ጋር የሚያያዝበት ቦታ ገና ያልጠነከረ የእድገት ክፍል ስለሆነ፣ ሲገፋ የሚለቀው ጅማቱ ሳይሆን የአጥንቱ ቁራጭ ነው። "ቀጭ" የሚል ድምፅ፣ ከመቀመጫ ሥር ድንገተኛ ሕመም፣ ቀጥሎ ማነከስ። ይህን ያየ አሰልጣኝ "ጅማት ነው፣ ይለቀዋል" ብሎ በማግስቱ ማስከፈት የለበትም፤ ኤክስሬይ ያስፈልገዋል። ደንቡ አጭር ነው፤ እግሩን የሚከፍተው ባለቤቱ ብቻ ነው። ማንም አይገፋም።

ዞሮ የሚመታውን የጎን ርግጫ እንውሰድ፤ ኮሪያዎቹ ዶልዮ ቻጊ የሚሉትን። ብዙ ጉልበት የሚበላሸው እዚህ ነው፤ የሚበላሸውም የሚመታው እግር ሳይሆን የቆመው ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ጉልበት መጀመሪያ ወደፊት ይነሳል፤ ተረከዝ ወደ መቀመጫ ይጠጋል። ቀጥሎ የቆመው እግር በፊት መዳፉ ላይ ይዞራል፤ ተረከዙ ወደ ዒላማው እስኪያይ ድረስ። ዳሌ አብሮ ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ባት ይለቀቃል። ከመታ በኋላ ጉልበቱ ተመልሶ ይታጠፋል፣ እግር በልክ ይወርዳል። የቆመው እግር ሳይዞር ዳሌ ከዞረ ጠቅላላው ጥምዘዛ ጉልበት ላይ ያርፋል፤ የጉልበት ውስጥ ጅማትና ሜኒስከስ የሚባለው እንደ ትራስ የሚያገለግል ልም አጥንት የሚቀደደው በዚህ ነው። አዲስ ማት፣ ማለትም የልምምድ ምንጣፍ፣ እግር ስለሚይዝ ከሲሚንቶ ይልቅ በዚህ ያስቸግራል፤ ላብ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ለጀማሪ በየእግሩ 8 ርግጫ፣ 4 ዙር፣ ግድግዳ ይዞ በቀስታ። ተረከዙ መዞር ያቆመ ዕለት ቁጥሩ ሳይሞላም ያበቃል። ደክሞት ሳይዞር የረገጠው መቶ ርግጫ የሚያስለምደው ስህተቱን ነው።

ፓድ፣ ማለትም ምት የሚያርፍበትን ትራስ፣ መያዝም ትምህርት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ለተማሪ "ያዝ!" ተብሎ ይሰጣል። ክርኑን አጥፎ፣ ፓዱን ሰውነቱ አጠገብ አድርጎ፣ ምቱ ሲደርስ ጥቂት ወደፊት መግጠም አለበት። በፍርሃት ወደኋላ ከሳበው የረጋጩ ጉልበት ባዶ አየር ላይ ተዘርግቶ ወደኋላ ይታጠፋል። ሌላው ስህተት ከፍታው ነው፤ ዳሌው ላልተከፈተ ልጅ ፓዱን ጆሮው ላይ ብትይዙለት ርግጫውን በወገቡ ይፈልጋል፣ ወደኋላ ይጋደላል፣ የታፋው የኋላ ጡንቻ ይቆረጣል። ከእምብርቱ ጀምሩለት፤ እዚያ አሥር ንጹሕ ርግጫ ሲረግጥ አንድ ስንዝር ጨምሩ።

ስለ አወዳደቅ አጭር ነገር ልበል። ጁዶና ሳንዳ የምታስተምሩ፣ መጣል ከማስተማራችሁ በፊት መውደቅ አስተምሩ። አገጭ ወደ ደረት፣ ጀርባ ክብ፣ ክንድ ከጎን ትንሽ ራቅ ብሎ ማቱን በመዳፍና በክንድ ሙሉ ይመታል። መዳፍን ተዘርግቶ መሬት ላይ መትከል የእጅ አንጓ የሚሰበርበት ዋናው መንገድ ነው። መጀመሪያ ተጋድሞ፣ ቀጥሎ ቁጢጥ ብሎ፣ መጨረሻ ቆሞ፤ በየጎኑ 10። ለመጣል 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ማት ያስፈልጋል። ለቴኳንዶ የሚነጠፈው 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያለው ስስ ማት ላይ ሰው አይጣልም።

ወደ ስፓሪንግ፣ ማለትም ወደ ልምምድ ግጥሚያ፣ ስንመጣ ገላጋዩ ሥራ ይጀምራል። ሃያ ልጅ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲጋጠም አሥር ጥንድ ነው፤ አሰልጣኙ አንድ ነው። አንዱን ጥንድ ሲያይ ዘጠኙ ገላጋይ የላቸውም። የሚሻለው በአንድ ጊዜ ሁለት ጥንድ ብቻ ማጋጠም፣ የቀሩትን ፓድ ማሲያዝ ወይም ማስቀመጥ ነው። "ሰዓት አይበቃም" ይባላል፤ ይበቃል። አንድ ልጅ በሳምንት ሁለት ዙር፣ ዙሩ 2 ደቂቃ፣ በደንብ ቢታይለት ሳይታይ ከሚጋጠመው ሃያ ደቂቃ የበለጠ ይማራል። የልጆች የክብደት ልዩነት ከ5 ኪሎ አይብለጥ። የምቱ ኃይል ሙሉው 10 ቢሆን በልምምድ 3 ይሁን፤ ልጆቹ ቁጥሩን ይወቁት፣ "ሦስት!" ስትሉ ምን ማለት እንደሆነ በፓድ ላይ አስለምዷቸው።

የማስቆሚያው ቃል ከርግጫ በፊት ይማራል። ቴኳንዶ "ካልዮ" ይበል፣ ካራቴ "ያሜ" ይበል፣ ቦክስ "ስቶፕ" ይበል፣ ወይም በአማርኛ "ቁም!" ይባል፤ ለውጥ የለውም፣ ግን አንድ ቃል ይሁን። በፓድ ልምምድ መሃል ሳይታሰብ በየዕለቱ አምስት ጊዜ ጥሩት። በአንድ ሰከንድ ውስጥ እግሩን መሬት አውርዶ እጁን የሰበሰበ ልጅ ለስፓሪንግ ደርሷል። "ቁም" ተብሎ አንድ ርግጫ የሚጨምር ልጅ ቀበቶው ምንም ቀለም ይኑረው አልደረሰም።

ጭንቅላትን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በልምምድ ውስጥ ጭንቅላቱ ላይ ሊያርፍ የሚገባው ምት ስንት ነው? ምንም። የራስ መከላከያ አድርጓል የሚል መልስ አይሠራም። መከላከያው ቅንድብ እንዳይቀደድና ጆሮ እንዳይጎዳ ያግዛል፤ አንጎል የራስ ቅል ውስጥ እንዳይናወጥ ግን አያደርግም። በሪዮ 2016 ኦሊምፒክ የወንዶች ቦክስ ያለ ራስ መከላከያ የተካሄደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እኛ ጋ ልጅ ራሱን ተመቶ ሲወድቅ የምንለውን ታውቃላችሁ፤ "አብሽር! ተነሳ!" ውሃ ይፈስበታል፣ ፊቱ ይጠፈጠፋል፣ ጭብጨባ ይሰማል፣ ይቀጥላል። አብሽር ደግ ቃል ነው፤ የወሎ ሰው ለለቅሶም ለችግርም የሚያጽናናበት። አንጎሉ ለተናወጠ ልጅ ግን የሚያስፈልገው መቀመጥ ነው። ሳይወድቅም አንጎል ይናወጣል፤ ራሱን የሚስቱት ጥቂቶች ናቸው። ምልክቶቹን ልቁጠር፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ዓይን መብዛዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲጠየቅ መልስ መዘግየት፣ ያው ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ። ጠይቁት፤ "ዛሬ ምን ቀን ነው? ከማን ጋር ነበርክ? ስንተኛ ዙር ነን?" በቀጥታ መስመር ላይ ተረከዝ ከጣት እያገናኘ ይራመድ። አንዱ እንኳ ከተጓደለ ለዚያ ቀን አብቅቷል፤ ቢሻለውም አይመለስም። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀላፋ፣ የዓይኑ ብሌኖች እኩል ካልሆኑ ወይም ካንቀጠቀጠው ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ነው የሚሄደው፤ በዚያው ሰዓት።

መመለሻውም ደረጃ አለው። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ዕረፍት፤ ቀጥሎ መራመድ፣ ቀላል ሩጫ፣ ብቻውን ርግጫ፣ ፓድ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል ቢያንስ አንድ ቀን። ምልክቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደኋላ። ልጅ ከሆነ ሁለት ሳምንት ሳይሞላና ሐኪም ሳይፈቅድ ስፓሪንግ አይገባም። የቴኳንዶም የቦክስም ሕግ ጭንቅላቱን ተመቶ በኖክአውት የወጣን ተወዳዳሪ ቢያንስ 30 ቀን ያግዳል። ውድድር ላይ ያለው ሕግ በልምምድ አዳራሻችን ውስጥ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ወለምታ ሲደርስስ? ብዙዎቻችን ወጌሻ ጋ ነው የምንሮጠው። ወጌሻን ለማጣጣል አልመጣሁም፤ የወጣ መገጣጠሚያ በመመለስ ስማቸው የተነሳ አሉ። ነገር ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያበጠ ቁርጭምጭሚት በኃይል ከታሸ ውስጡ ያለው መድማት ይብሳል፤ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ጨርቅ ላይ አድርጎ ለ15 ደቂቃ፣ ልል ማሰሪያ፣ እግር ከፍ ማድረግ ይሻላል። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ የተሰበረ አጥንት በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም መተላለፊያ ያጣል። በአገራችን ሆስፒታሎች የልጆች እጅና እግር የሚቆረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ማሰሪያ ነው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው በዚያች ደቂቃ ይፈታ። አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ ኤክስሬይ ይነሳ።

ከኮምቦልቻ ለመጣችሁ ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ኮምቦልቻ ላይ የአየር ግፊቱ በ20 በመቶ፣ ደሴ ላይ በ26 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የመጀመሪያው ዙር ላይም አይታይም፤ አንድ ርግጫ ኦክስጅን አይጠብቅምና። የሚታየው በዙሮች መካከል ነው፤ በ60 ሰከንድ ዕረፍት ትንፋሹ የማይመለስለት ልጅ ሁለተኛውን ዙር እጁን አውርዶ ይጀምራል። ደሴ ለልምምድ ስትመጡ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዕረፍቱን 90 ሰከንድ አድርጉት። የደሴዎቹ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ የሚፈትናችሁ ሙቀቱ ነው፤ ከልምምድ ሁለት ሰዓት በፊት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ጠጡ።

ስለ ክብደት ማውረድ። በፕላስቲክ ልብስ መሮጥ፣ ውሃ መከልከል፣ ምራቅ መትፋት፤ ይህ ሁሉ የሚያወርደው ውሃ ነው። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ትግል ስፖርተኞች በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ የሞቱት በዚህ መንገድ ክብደት ሲቀንሱ ነበር። ለአዋቂ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል፤ ልጅ ግን በክብደቱ ይጋጠም እንጂ አይቀንስ። ጾምንም አስቡበት። በእኛ አገር በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ይሠራል። በረመዳን ለሚጾሙት ከባዱን ልምምድ ካፈጠሩ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አድርጉት፤ ቀን ላይ ከሆነ ቴክኒክ ብቻ። ለዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆየው ልጅ እንዲሁ። ውሃ ባልጠጣ ሰውነት ስፓሪንግ አይደረግም።

ጫትን ደግሞ ሳላነሳ ብሄድ ዋናውን ነገር መደበቅ ይሆንብኛል። ከሰዓት ቅሞ ማታ ልምምድ የሚገባ ወጣት አለ። የምግብ ፍላጎቱ ተዘግቷል፣ ልቡ ገና ሳይሮጥ ይመታል፣ ድካሙ አይሰማውም፤ ድካም የማይሰማው ሰው ደግሞ ማቆሚያውን አያውቅም። ወደ ውድድር ሲመጣ ሌላ ነገር ይጨመራል። በጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን በዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው፤ ካቲን በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ሲበልጥ እንደ ጥሰት ይቆጠራል። "ባህላችን ነው" የሚለው መልስ ምርመራው ላይ አያድንም። ይህን ለተማሪዎቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው።

የአሰልጣኝ ክብር ላይም አንድ ነገር አለኝ። ተማሪ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለቱ፣ "ማስተር" ወይም "ሴንሴ" ማለቱ መልካም ነው። ያ ክብር ግን "ሕመም ተሰማኝ" ለማለት የሚያስፈራ ሲሆን ልጁን ይጎዳዋል። በተለይ ሴት ልጆችን ስታስተምሩ አቋም ለማስተካከል ከመንካታችሁ በፊት ንገሯቸው፣ ከተቻለ ሴት ሰልጣኝ ታሳይላችሁ። ለብቻ የሚሰጥ ልምምድ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ሌላ ሰው ባለበት ይሁን። ወላጅ እንዳይገባ የሚከለክል አሰልጣኝ ምክንያቱን በግልጽ ሊናገር ይገባዋል።

ወላጆች፣ በሚቀጥለው ልምምድ ሄዳችሁ ዳር ቁጭ በሉ። ርግጫው ምን ያህል ከፍ እንዳለ አትዩ። የሚጋጠሙትን ጥንዶች ቁጠሩ፤ የአሰልጣኙ ዓይን የት እንዳለ ተከተሉ። ከዚያ "ቁም!" ሲል ስንቱ ልጅ እንደቆመ እዩ።